ሰው ለመምሰል

ታፔላ ጸሐፊው የሻይ ፔርሙሱን አንጠልጥሎ ወደ ሴቶች ክፍል ሲገባ፣ ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ነርሷን ስታናግር ሰማ። «ሲስተር፣ ዛሬ ከሰዓት ልጄ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እስከዚያ ሰው መምሰል የምችል ይመስልሻል?» ነርሷ የግሉኮሱን ጠርሙስ ስትነካካ ቆየችና «ምን ማለትሽ ነው ቲቸር፣ አሁንስ ሰው አይደለሽ እንዴ» አለቻት። ነገሩን በቀልድ ለማለፍ ነበር፤ ድምጿ ግን እንደ ቀልድ አልወጣላትም። እሱም ፔርሙሱን እንደያዘ እዚያው መጋረጃው ጋ ተገትሮ ቀረ። በዋዜማው ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶት፣ ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ የቀራት ጊዜ በቀናት የሚቆጠር መሆኑን ነግሮታል። ለሚስቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ሲያጽናናት፣ የአልጋ ልብሷን ሲያስተካክል፣ ስለ ጎረቤት ሲያወራላት ነው ያመሸው። ለሃያ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ግን ከፊቱ ላይ አንብባው ነበር፤ ፊት ማንበብ ሥራዋም ነውና። ዕድሜዋን ሙሉ አፍ ያልፈቱ ሕፃናትን ስታስተምር፣ የትኛው ልጅ ርቦት፣ የትኛው ሱሪው ላይ ሸንቶ፣ የትኛው እናቱ ናፍቃው እንደሚያለቅስ ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት ቲቸር እያለ ነው፤ ባሏም ከተጋቡ በዓመታቸው ሌላውን ስሟን ትቶታል።

«መጣህ? ጥሩ» አለችው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ። «ሻዩን አስቀምጥና ቤት ሂድልኝ።» የፊት ዕቃዎቿን ፈልጋ ነው። ልጃቸው ቀያሽ ናት፤ በማግስቱ ጠዋት የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ የመንገድ ሥራ ልትጓዝ ሻንጣዋን አስራለች። አምና እንዲሁ ተቀጥራ እናቷ ቀዶ ጥገና ስትገባ ሥራውን ትታ አራት ወር አልጋዋ ሥር ከርማለች። ዘንድሮ እንደገና ተወዳድራ አለፈች፤ ሰኞ ካልተገኘች ተጠባባቂውን እንደሚጠሩ ነግረዋታል። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሥልጠና ላይ ስለነበረች እናቷን በስልክ ብቻ ነው ያገኘቻት። «ይኼን ፊት ካየች አትሄድም» አለች ቲቸር። «አምና በእኔ ቀረች። ዘንድሮም ትቅር? እኔ እንደሆን አልቆይላትም። ሥራውንም እኔንም አጥታ ልትቀመጥ ነው?» እንዲህ አትበዪ ሊላት ነበር፣ ግን ይኼኛውን ውሸት የሚሸከም ጉልበት ከየት ያምጣ። «ምን ምን ላምጣልሽ?» አላት። «ከመታጠቢያው በላይ መደርደሪያው ላይ ያሉትን።» «የትኞቹን?» ብሎ ሲጠይቃት ትክ ብላ አየችው። «ሌላ የለኝም እኮ» አለችው።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት መታጠቢያ ቤት ነው። ታፔላ ጸሐፊው መደርደሪያው ፊት ቆመ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ፂሙን የሚላጨው እዚሁ ቆሞ ነው፤ ግን መደርደሪያውን ዛሬ ገና ያየው ያህል ሆነበት። ውሃ የተቀላቀለበት የግሊሰሪን ጠርሙስ፣ ዙሪያው በጣት ተጠርጎ መሐሉ ላይ ጥቂት የቀረበት የቫዝሊን ቆርቆሮ፣ ከተራ ሳሙና የተረፈ ስስ ቁራጭ፣ ከመቀረጽ ብዛት በሁለት ጣት ለመያዝ የምታስቸግር የኩል እርሳስ፣ አንዲት የከንፈር ቀለም። ሁሉም በአንድ እፍኝ ይገባሉ። እነዚህን ዕቃዎች በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው የሚያውቃቸው፤ ጠዋት አልጋ ላይ ሆኖ ውሃው ሲንሿሿ፣ ክዳን ሲከፈት፣ ክዳን ሲዘጋ፣ ከዚያም የበሩ ሲጥ ማለት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ቀን «አልጨረሽም እንዴ» እያለ በሩን ያንኳኳባት ነበር። ጓደኞቹ ስለ ሚስቶቻቸው ሽቶና ቅባት ሲያማርሩ ደግሞ አፉን ሞልቶ «የእኔዋ ወጪ የላትም» ይል ነበር፣ እሷም አጠገቡ ሆና ፈገግ ትል ነበር። ያ ፈገግታ ምን ፈገግታ እንደነበር አሁን መደርደሪያው ፊት ቆሞ አሰበ።

የከንፈር ቀለሟን ከፈታት። ቀለሙ ካለቀ ቆይቷል፤ ቱቦው ውስጥ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ ቀርቷል። ከታች የተረፈውን በእንጨቱ እየቆፈረች ነበር ማለት ነው። በእንጨቱ ትንሽ ጭሮ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀባውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብሎ አየው። ቀይ ነው፤ ግን ትንሽ ቡናማ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ደግሞ ጥቁር የገባችበት፣ የጡብ ዓይነት ቀይ። ታፔላ ጸሐፊው ቀለም ያውቃል። የሥጋ ቤት ቀይና የመድኃኒት ቤት ቀይ አንድ አይደለም ብሎ ከባለሱቅ ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ የሰውን ታፔላ ከመንገዱ ማዶ አይቶ ቀለሙ ከስንት ከስንት እንደተበጠበጠ ይናገራል። የሚስቱ ከንፈር ግን ምን ቀለም ነው ብሎ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ ቀይ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ዕቃዎቹን በላስቲክ ከረጢት ጨመራቸው፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ከዚያ አዲስ ልግዛላት ብሎ ወጣ።

ኮስሞቲክስ ቤቱ ከዳቦ ቤቱና ከስልክ ጥገናው መሐል የተሸጎጠ፣ መስታወቱ እስከ ጣሪያ በጠርሙስ የተሞላ ጠባብ ሱቅ ነው። ከውጭ ያለውን ታፔላ የጻፈው ራሱ ነው፤ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ሻጯ «ምን ልርዳዎት አባባ» ስትለው ከረጢቱን እንዳለ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ልጅቷ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ስታይ ቆየችና፣ የከንፈር ቀለሙ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። «ይኼ የቲቸር ነው አይደል? ይኼን ቁጥር ከእሳቸው በስተቀር የሚገዛ የለም። ለእሳቸው ብዬ ነው የማስመጣው።» ባሏ መሆኑን ነገራት፣ ሐኪም ቤት መተኛቷንም ነገራት። ልጅቷ ዕቃዎቹን ማውጣት ጀመረች፤ ሁሉም ተደምሮ የአንድ ቆርቆሮ ጥሩ ቀለም ዋጋ እንኳ አይሞላም። ፓውደር ልጨምርበት ወይ ብሎ ሲጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «ፊታቸው ከገረጣ ፓውደሩ አመድ ነው የሚያስመስላቸው። መጀመሪያ ግሊሰሪኑን በደንብ ይቀቡላቸውና ይቆዩ። ከዚያ የከንፈሩን ቀለም በጣትዎ ነካ አድርገው ጉንጫቸው ላይ እስኪጠፋ ያሹት። ቫዝሊን ደግሞ ለቅንድብ፣ ለከንፈር፤ ሲጨርሱ ኩሉን የሚያስለቅቀውም እሱ ነው። ይኼን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ደንበኛ ብዙ ገንዘብ ከሌለው እንዲህ ብለሽ ንገሪው ይሉኝ ነበር፤ ክሰሪ ያሉኝ እስኪመስለኝ ድረስ።»

ዕቃውን እየጠቀለለች ሳለ ዓይኗን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጣል አደረገች። እዚያ በነጭ ካርቶን የገባ ትንሽ ብልቃጥ የፊት ክሬም አለ። «በመጡ ቁጥር ያን ያወርዱ ነበር» አለችው። «የመሞከሪያውን እጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቡና ያሸቱታል። ከዚያ አመስግነው ቦታው ይመልሱታል። አንድ ቀን በግማሽ ዋጋ ላድርግልዎት ብላቸው፣ ተዪው፣ ከለመድኩት ሌላውን ያስጠላኛል አሉኝ።» ታፔላ ጸሐፊው ዋጋውን አልጠየቀም። «አውርጂልኝ» አላት። መንገዱን ሙሉ ብልቃጡን ለብቻው በደረት ኪሱ ይዞት ሄደ፤ አንዴ ቆሞ መኖሩን በእጁ ዳሰሰው።

ቲቸር ዕቃዎቹን ስታይ ደስ አላት፤ የኩል እርሳሱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እንጨቱን አሸተተችው። ብልቃጡን ሲያወጣላት ግን ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየችው፤ ማን እንደነገረው ገብቷታል። «ይኼን ማን ይጨርሰዋል?» አለችው። በምሬት አልነበረም፤ የተረፈ ምግብ ሲደፋ እንደምታዝነው፣ ብክነት የማይወድ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ ነው የጠየቀችው። ከጎን አልጋ የተኙት ሽንኩርት ነጋዴዋ ሴትዮ ሰምተዋል፤ ፊታቸውን ወደ ወዲያ አዞሩ።

ፊቷን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠበላት። ግሊሰሪኑን ቀብቶ እንደታዘዘው ቆየ። ቆዳዋ ጠጣው፤ ደግሞ ቀባት፣ ደግሞ ጠጣው። ኩሉን ራሴ ብላ መስታወቱን ከሽንኩርት ነጋዴዋ ተዋሰችና ገና ዓይኗ ጋ ስታደርሰው እጇ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛ ሞከረች። ሦስተኛ ላይ ጉንጯ ላይ ጭረት ወጣባትና እርሳሱን አልጋው ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ አነሣችና ሰጠችው። «አንተ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለችው። ወንበሩን ሳበ። ትንሿን ጣቱን፣ ታፔላ ሲጽፍ እንደሚያደርገው፣ መደገፊያ እንዲሆነው አጥንቷ ላይ አሳረፋት። ድሮ የሞላ ጉንጭ ነበር፤ አሁን ጣቱ ያገኘው አጥንት ብቻ ሆነ። «ወደ ላይ እይ» አላት። አየች። ትንፋሹን ይዞ፣ ከውስጠኛው ጥግ ጀምሮ፣ ሳያቋርጥ አንድ ቀጭን መስመር እስከ ዳር ሳበ። ሁለተኛውንም። ዓይኖቿን በዚህ ቅርበት ካያቸው ስንት ዓመቱ ነው። በቀኙ ብሌን ዳር አንዲት የምትታይ ነጥብ አለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች አያውቅም፣ መጠየቅም አፈረ። ጉንጯን በጣቱ አሸላት፣ ከንፈሯን ቀባት፣ ሻሿን አሰረላት። ሽንኩርት ነጋዴዋ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «እኔንስ ስትጨርስ ትስለኛለህ ወይስ እኔ ታፔላ አያስፈልገኝም?» ሲሉት ቲቸር ሳቀች። ሳቁ ሆዷን ስላመማት አቆመችው። መስታወቱን አንሥታ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ነገር ግን እንዳትነግራት» አለችው ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ። «እስከ በር ሸኝቻት እመለሳለሁ ብለህ እዚያ እንዳታወራት። ማልልኝ።» በልጃቸው ማለላት።

ልጃቸው ሚጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ሃያ አምስት ዓመቷን ይዛም ሚጡ ነው የሚሏት፤ በረጅም ቦት ጫማ ወለሉን እያንጓጓች ገባች። ከበሩ ጀምሮ ፊቷ ክፉ ነገር ለማየት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር፤ እናቷን ስታይ እንደ በረዶ ሟሟ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ አምሮብሻል» አለች ተጎንብሳ እየሳመቻት። «አባዬ ትናንት በስልክ ድምፁ እንዴት አስደንግጦኝ መሰለሽ። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።» «አባትሽን አታውቂውም እንዴ» አለች ቲቸር፣ «ጉንፋን የያዘኝ ቀንም ድምፁ እንደዚያው ነው።» ሽንኩርት ነጋዴዋም ከአልጋቸው ሆነው «እናትሽማ ትናንት ስታስቀን ነው ያመሸችው» ብለው አገዙ። ትናንት ቲቸር ከሕመም ማስታገሻው በፊት ጥርሷን ነክሳ ስታቃስት ነበር ያመሸችው። ታፔላ ጸሐፊው እግሩ ሥር ያለውን የሚጡን ሻንጣ መያዣ እየነካካ ተቀመጠ። ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና ስለ ሥልጠናው ታወራለች፤ ስለ አለቃዋ ማንኮራፋት፣ ከሃያ ሁለት ሰው መሐል ሴት እሷ ብቻ ስለመሆኗ። ቲቸር ትሰማለች፤ ትራሷን በጀርባዋ ገፍታ ቀጥ ለማለት ስትታገል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንዴ ሚጡ ንግግሯን አቋርጣ የእናቷን ዓይን ጠጋ ብላ አየች። «ይኼ ኩል ግን» አለች። «እኔ ጤነኛዋ እንደዚህ ቀጥ አድርጌ ስዬ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ሰው በሽተኛ ነኝ ይላል?» አባትየው እጆቹን ወደ ኪሱ ከተታቸው።

«ስሚኝማ» አለች ቲቸር፣ ወሬው ወደዚያ እንዳይሄድ። «ፀሐይ ላይ ነው የምትውይው። ጠዋት ግሊሰሪን፣ ከውሃ ጋር አንድ ለአንድ። ማታ ፊትሽን ሳትታጠቢ እንዳትተኚ፣ ቢደክምሽም። ቫዝሊን ለከንፈርሽና ለተረከዝሽ። ኮፍያ ከራስሽ አይውረድ። ከዚያ ውጪ ማንም ምንም ቢልሽ ደሞዝሽን ለቅባት እንዳታፈሺ።» ሚጡ እየሳቀች «እሺ ቲቸር» አለች፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ እጇን አጣጥፋ። ያኔ ቲቸር ከትራሷ ሥር ነጩን ካርቶን አወጣች። «ይኼ ደግሞ ከእኔና ካባትሽ። ይኼ ለክፉ ቀን አይደለም። ለደህና ቀን ነው፤ ደስ ሲልሽ ተቀቢው።» ሚጡ ካርቶኑን ከፍታ፣ ዋጋውን ገምታ፣ ተቆጣች፣ እናቷ ግን አላስመለሰቻትም። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ። ታፔላ ጸሐፊው ቲቸር ልጇን አንገቷ ሥር እንዴት እንደምታሸታት አየ፤ እንደ አራስ ልጅ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደጋግማ። ሚጡ ግን ያንን አላየችም፤ ፊቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ነበር።

እስከ ግቢው በር ሻንጣውን ይዞላት ሸኛት። ዘበኛው የጠያቂ ሰዓት አለቀ እያለ ሰዉን ያስወጣል። ሚጡ ቆማ አየችው። «አባዬ፣ ዓይንህ ቀልቷል።» «የቀለም ሽታ ነው» አላት። «እውነቱን ንገረኝ፣ የደበቅከኝ ነገር የለም?» ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አትሂጂ ለማለት አንድ ቃል ይበቃዋል። የልጁን ፊት አየው፤ እፎይታው ገና አልደረቀም፣ ደግሞ ከእፎይታው ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ የምትሄድበትን አገር ናፍቆት፣ የሥራ ጉጉት፤ አምና ያየውና አራት ወር ሙሉ አልጋ ሥር ሲከስም የቆየው ነገር። «እናትሽ እንድትሄጂ ነው የምትፈልገው» አላት። ይኼ ውሸት አልነበረም። አንገቱን አቅፋ ሳመችው፣ እንደደረስኩ እደውላለሁ አለችው፣ ሻንጣዋን ተቀብላ፣ ጠዋት አብረዋት ከሚጓዙት ጋር ልታድር፣ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሞ አየ። ከታጠፈም በኋላ ቆመ፣ ዘበኛው «አባት፣ ይገባሉ ይወጣሉ?» እስኪለው ድረስ።

ሲመለስ ቲቸር ትራሱ ላይ ወድቃለች፤ ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። «ጠየቀችህ?» አለችው። «ጠየቀችኝ።» «አመነች?» «አመነች» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ደስ ያላት መስሎት እጇን ሊይዝ ጎንበስ አለ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። በዚያ ሁሉ ሕመም፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም፣ ፀጉሯ በእፍኝ ሲወርድም አላለቀሰችም ነበር። «ትንሽ እንኳ ብትጠራጠር ምን ነበረበት» አለች። «እናቷ አይደለሁ?»

ሽንኩርት ነጋዴዋ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡት። ታፔላ ጸሐፊው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እስኪወጣላት ጠብቆ፣ ከሲስተር ጥጥ ለመነና ቫዝሊን ነካ አድርጎ ከጉንጯ እስከ አገጯ የወረደውን ኩል መጥረግ ጀመረ። ቀስ ብሎ ጠረገው። ከሥሩ ያ አመድማ ፊት እንደገና ወጣ፣ ከንፈሯም ነጭ ሆነ። እሷም ዓይኗን ከፍታ ስታየው ቆየችና «እኔስ ወጪ አስወጣሁህ ዛሬ» አለችው። ግንባሩን እጇ ላይ ደፍቶ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ፤ እሷ በሌላው እጇ ፀጉሩን ስትዳብስ ነበር።

ቲቸር ያረፈችው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው፣ ሚጡ ሥራ በጀመረች በአራተኛው ቀን። የቲቸር ወንድም ለልጅቷ እኔ ልደውል ሲል ታፔላ ጸሐፊው እምቢ አለ። ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው የውሃ ታንከር አጠገብ ሄዶ ደወለ። ሚጡ ወዲያው አነሣችው፤ ከኋላዋ ነፋስና የመኪና ድምፅ ይሰማል። ገና «ሚጡ» ከማለቱ «አባዬ፣ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርህ» አለችው። ዛሬ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ሰጥተዋት አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀይሳለች። ሠራተኞቹ ኢንጂነር እያሉ ይጠሯት ጀምረዋል። ያረፈችበት ክፍል መስኮቱ ወደ ሸለቆው ነው፤ ጠዋት ጉሙ ከታች ሲነሣ ይታያታል፣ እናቷ ሲሻላት አምጥታ ታሳያታለች። ታፔላ ጸሐፊው የታንከሩን ብረት በአንድ እጁ ይዞ ሁሉንም ሰማት። አላቋረጣትም። መሐል ላይ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ «እሺ፣ ከዚያስ?» አላት። እሷም ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገረችው፣ ያም አለቀ። «በል እሺ፣ አሁን ያንተን ንገረኝ» አለችው።

ነገራት።